ለአቶ ዳምጤ የቀረበ ምስጋና

ታኅሣሥ ሃያ ስምንት ቀን፣ የገና ዋዜማ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ሰዓቱን የምጽፈው ከልማድ ነው፤ መቼ እንደሆነ በትክክል ያልተጻፈን ነገር ሆነ ለማለት ሁልጊዜ ይከብደኛል። ልጄ ከአዲስ አበባ ያመጣችልኝን አዲስ ብርድ ልብስ ከላስቲኩ አውጥታ ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጋልኛለች። ይህ ጉልበት የቤተ ማርያምን ደጅ ብርድ አልችል ካለኝ ቆይቷል፤ ስለዚህ ከተማው በሙሉ ነጭ ለብሶ ቁልቁል ሲወርድ እኔ ቤት ቀርቼ ቴሌቪዥን እመለከታለሁ። በቴሌቪዥኑ ውስጥ የሚታየው ደግሞ ይኸው የእኔው ከተማ ነው። አንዲት ወጣት አቅራቢ ከቤቴ ብዙም በማይርቅ ቦታ ቆማ፣ ካህናቱ ከኋላዋ እየዘመሩ፣ «ይህን የበዓል ዝግጅት ከእኛ ጋር በመሆን ያቀረቡላችሁ» ብላ ትጀምርና የፍራሽ ፋብሪካ፣ የዘይት አስመጪ፣ የቀለም ፋብሪካና የባንክ ስም ትደረድራለች። ዝማሬው ከፍ ባለ ቁጥር የፍራሹ ስም እንዳይዋጥ ድምፁን ዝቅ ያደርጉታል። ከዚያም ከሩቅ አገር በእግራቸው የመጡ አንድ ሽማግሌ ተሳላሚ አስቁማ «ምን ተሰማዎት?» አለቻቸውና፣ መልሳቸውን ሳትጠብቅ ብርድ ልብስ አሸከመቻቸው፤ ምልክቱ ወደ ካሜራው እንዲዞርም በገዛ እጇ አስተካከለችው። ሽማግሌው ወዴት እንደሚመለከቱ ጨንቋቸው የፋብሪካውን ስም በደረታቸው ታቅፈው ቆሙ።

በዚህ መካከል ጉልበቴ ላይ ያለው ብርድ ልብስ ሸተተኝ። የአዲስ ብርድ ልብስ ሽታ ግማሹ የበግ ፀጉር፣ ግማሹ የማሽን ዘይት ነው፤ ሌላው ሰው የሙቀት ሽታ ይለዋል። እኔን ግን ያቅለሸልሸኛል። ልጄ ምክንያቱን ጠይቃኝ አታውቅም፤ ብርድ ልብሱን አጣጥፋ ወደ ጓዳ ወሰደችው። እኔም ይህን ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ወልድያ ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስጄ፣ ዩኒቨርሲቲ መግባቴን የሚናገረው ውጤት ደርሶኝ፣ ጉዞዬን እየጠበቅሁ አባቴ ቤት የተቀመጥኩበት መስከረም ነበር። ዝናቡ ገና ስላቆመ አየሩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስል ነበር፤ የገብሱ ማሳ ከአሸተን ተራራ ሥር ጀምሮ እስከ ታችኛው ሸለቆ አረንጓዴ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ደጁን ስከፍት የእርጥብ ድንጋይና የአደይ አበባ ሽታ አንድ ላይ ይገባ ነበር። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ከቅኔያቸውና ከዜማቸው ይልቅ ሕዝቡ የሚያውቃቸው ግን በሌላ ነገር ነው፤ በየክብረ በዓሉ፣ ታቦቱ ወጥቶ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ሲቆም፣ ስለት ያስገባውን ሰው ስም ለሕዝቡ የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ።

ይህ አጠራር የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ዛሬ ሥርዓቱን የሚያስታውስ ሰው ስለማላገኝ በጥንቃቄ ልጻፈው። ባል ያላት ሴት ያስገባችው ስለት በባሏ ስም ይጠራል፤ «የእገሌ ባለቤት ጥላ አስገብታለች» ይባላል። ባሏ የሞተባት እንደሆነ ደግሞ በመጀመሪያ ልጇ ትጠራለች፤ «የእገሌ እናት መጋረጃ አስገብታለች» ይባላል። ከዚህ ሌላ ነገር አይጨመርም። ጥላው ስንት እንደተገዛ፣ መጋረጃው ከየት እንደመጣ አይነገርም። እልልታውም ለባለጠጋውና ለድኻዋ እኩል ነበር። አንድ የጨው ነጋዴ ያስገባው ጥላ ትልቅ ስለነበር ስሙ ደግሞ እንዲጠራለት ሰው ቢልክባቸው፣ አባቴ «መጀመሪያ ስናገር እመቤታችን ሰምታለች፤ ያልሰማችው የመሰለው እንደሆነ ራሱ ይንገራት» ብለው መለሱለት። ስለት የሰጠ ሰው ደግሞ ስሜን አትርሱ ብሎ አያሳስብም ነበር። ከሰጡ በኋላ ማሳሰብ የተቀባዩን እጅ እንደ መጠምዘዝ ይቆጠራል፤ ስጦታውንም ያረክሳል።

ጎረቤታችን እትዬ የሻረግ ይባሉ ነበር። ባለቤታቸው አያ ዳምጤ ጎብኚና ተሳላሚ የሚጭኑ በቅሎዎች ነበሯቸው፤ በቅሎዎቹ በከተማው ውስጥ ከሰው እኩል በስም ይታወቁ ነበር። አንድ ልጅ ወልደዋል፤ ፈንታው። እኔን በጥቂት ዓመታት ይበልጠኝ ነበር፤ ዋና ያስተማረኝም፣ የመጀመሪያዋን ሲጋራ አስጭሶ ያስተፋኝም እሱ ነው። በአንድ ጥምቀት ቀን ፈንታው ከአባቱ በቅሎዎች ደህናዋን ያለ ፈቃድ ወስዶ ከፈረሰኞች ጋር ሲሽቀዳደም፣ በቅሎዋ ገደል አፋፍ ላይ ተንሸራትታ እግሯ ተሰበረ። አያ ዳምጤ ደርሰው በቅሎዋን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያም ሰው ሁሉ በቆመበት «ምነው ከእሷ እግር ይልቅ ያንተ አንገት በተሰበረ» አሉት። በዚያው ሳምንት ፈንታው አውራ ጎዳናው ወዳለበት ወደ ጋሸና ወጥቶ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈረ። ለመሰናበት ወደ እኛ ቤት መጥቶ የተናገረውን ሰምቻለሁ፤ «እሱ በሕይወት እያለ ደጃፉን አልረግጥም» ነበር ያለው።

አሰብ ወርዶ ወደብ ላይ እንደሚሠራ ሾፌሮች አወሩ። እናቱ በሾፌሮቹ መልእክት ቢልኩበትም፣ ከላሊበላ የመጣ ቃል ሁሉ የአባቱ ወጥመድ ስለሚመስለው፣ የአገሩ ሰው ይፈልግሃል ሲባል ሥራና ሰፈር ይለውጥ ነበር። በመካከሉ አያ ዳምጤ ታመው ሞቱ። ያ መሐላ ፈረሰ፤ መፍረሱን የማያውቀው ግን የማለው ልጅ ብቻ ነበር። እትዬ የሻረግ ጥቁር ለብሰው በቅሎዎቹን እያከራዩ ቀሩ፤ ሐሳባቸውም አንድ ሆነ፤ አባትህ ዐርፏል የሚለው ቃል፣ ወጥመድ በማይመስል አፍ ለልጃቸው እንዲደርስ።

የቴሌቪዥን ሰዎች የመጡት ያን ጊዜ ነው። በሁለት ላንድሮቨር ደረሱ፤ አቧራቸውን ሳያራግፉ መንግሥት ወደሚያስተዳድረው ሆቴል ገቡ። ለቅዳሜ ምሽት ዝግጅታቸው አብያተ ክርስቲያናቱን፣ የተማሪዎችን የጥያቄና መልስ ውድድርና አሸተን ማርያምን ሊቀርጹ ነው ተባለ። ያን ጊዜ ስፖንሰር የሚባል ቃል በአፋችን አልገባም፤ «ተባባሪ ድርጅት» ነበር የሚባለው። ሆቴሉ አልጋና ምግብ በነፃ ይሰጣል፣ አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሽልማት ይሰጣል፤ ቴሌቪዥኑም ስማቸውን ይጠራል። የሚገርመው፣ ብርድ ልብሱ በገበያ የለም፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ተብሎ በቀበሌ ሱቅ በወረፋ የሚታደል ነው። ታዲያ ለማን ነው የሚያስተዋውቁት ብዬ በኋላ ብዙ አሰብኩ። መልሱ ቀላል ነበር፤ ገዢ እንዲሰማ አልነበረም፤ የበላይ አለቃ እንዲሰማ ነው። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሹመት ይጠብቅ ነበር፤ የፋብሪካው ሰው ደግሞ ከቦታው መነሣትን ይፈራ ነበር። ባለ ሰፊ ግንባር፣ ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥም የማያወልቅ ወጣት አዘጋጅ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ስም የሚጠራ አፍ ምን ያህል እንደሚያበላ የገባው ሰው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከኋላው ከኋላው እየሄደ «ጓድ፣ የሆቴላችን ሰገነት በፀሐይ መግቢያ ያምራል» ይለዋል፤ እሱ ደግሞ «እናየዋለን፣ ጓድ፤ እራት ምንድን ነው?» ይላል።

ውድድሩ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ተደረገ፤ አንደኛ ወጣሁ። በዚህ አልኮራም፤ ጥያቄዎቹ ለአራተኛ ክፍል የሚበቁ ነበሩ። ቀይ ብርድ ልብስ ተሰጠኝ፤ ያ ሽታ ያን ጊዜ ነው አፍንጫዬ የገባው። አዘጋጁ ብርድ ልብሱን ደረቴ ላይ ዘርግቶ «ምልክቱ፣ ምልክቱ ይታይ፤ ፊትህን ተወው» አለኝ። ከዚያም በሌላ አቅጣጫ ለማንሣት ብርድ ልብሱን ተቀብሎኝ መልሶ ሸለመኝ፤ ሕዝቡም በታዘዘው መሠረት እንደገና አጨበጨበ። ወደ ማታ አንድ ረዳት ቤታችን መጣ። ጎረቤቶች እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት ተሰብስበው፣ ብርድ ልብሱ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነበር። «ሰቆጣም ላይ ውድድር አለብን፤ የአንተ በፖስታ ይላካል» ብሎ ከአንዲት አሮጊት እጅ ላይ ወስዶ አጣጠፈው። አባቴ ሰውዬው ከደጅ እስኪወጣ ጠብቀው «እኔ አርባ ዓመት ስለት ስጠራ፣ ጥላውን ለሚቀጥለው ደብር መልሱ ያለኝ ታቦት የለም» አሉ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

በማግስቱ እትዬ የሻረግ ከአባቴ ጋር ሊማከሩ መጡ። መኪና አሸተን ማርያም ስለማይወጣ የቴሌቪዥን ሰዎቹ በቅሎ ይፈልጋሉ፤ ሥራ አስኪያጁም ለሆቴሉ ስም ብሎ ወደ እሳቸው ሰው ልኳል።

«ኪራይ አልቀበልም፣ የኔታ» አሉ። «ስሜን ይጥሩልኝ እላለሁ። አሰብ ላይ የወደብ ሠራተኞች ክበብ አለ አሉ፤ ቅዳሜ ማታ ሁሉም ተሰብስቦ ያንን ሣጥን ያያል አሉ።»

«እንደ ስለት ነው የሚጠሩሽ?»

«እንደዚያው ነው እንጂ። እኔ እሰጣለሁ፣ እነሱ ይጠራሉ።»

አባቴም፣ «እንግዲያው ሌላ ነገር አትጨምሪ። የፈንታው እናት ይበሉሽ። ልጅሽ ዐውደ ምሕረት ላይ ያደገ ነው፤ ይገባዋል» አሏቸው።

እውነትም ይገባው ነበር። እናቱ የዳምጤ ባለቤት ሳይሆኑ የፈንታው እናት ተብለው ከተጠሩ፣ አባቱ በሕይወት እንደሌሉ ለላስታ ልጅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገውም። ማንም ሰው ሊያጠምደው ብሎ ሊፈጥረው የማይችል፣ ማንም ሹም ሰምቶ ምንድን ነው የማይለው ንጹሕ መልእክት ነበር።

በቅሎዎቹን ሲያስረክቡ አብሬያቸው ነበርኩ። እትዬ የሻረግ ኮርቻዎቹን ራሳቸው አጥብቀው፣ አንድ እንስራ የላስታ ነጭ ማርም ጨምረው፣ አዘጋጁ ፊት ቆሙ።

«ስማኝ ልጄ። ኪራይ አልፈልግም። በቴሌቪዥኑ የፈንታው እናት በቅሎ ሰጠች በልልኝ። የፈንታው እናት፤ ሌላ አልፈልግም።»

«ጣጣ የለውም፣ እማማ» አላቸው፤ እግሩን እርካቡ ላይ እያደረገ። «አገር ምድሩ ይሰማዎታል።»

«የፈንታው እናት ነው።»

«ሰማሁ፣ እማማ። ይቺ በቅሎ ትራገጣለች እንዴ?»

በቅሎዎቹ ለቀናት ወጡ ወረዱ። የካሜራ ሣጥኖቹን ያለ ግላስ፣ ጀርባዋ ላይ ጨርቅ ሳያነጥፉ ስለጫኑባት አንደኛዋ ጀርባዋ ተገጥቦ ተመለሰች፤ እትዬ የሻረግ ቁስሉን በሞቀ ውሃ አጠቡላት። ሰዎቹ ሊሄዱ ሲሉ እኔ ሄጄ ስሙን ላስታውሳቸው ብል፣ «ተው» አሉኝ። «ሰጥቻለሁ፤ ተቀብሏል። አሁን ስሜን ጥራ ብዬ ብልክበት፣ አልጠራም ብሎ እንዳሰበ ሌባ አደረግሁት ማለት ነው። ያባትህ ልጅ ሆነህ ይህን አታውቅም?» አባቴም በዚህ ተስማሙ። ሁለቱም የሚያውቁት የስም መጥሪያ ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ በዚያ ቦታ ደግሞ የሰጠ ሰው ተረስቶ አያውቅም።

በጥቅምት አዲስ አበባ ገባሁ። ተልእኮዬ የታወቀ ነበር፤ ዝግጅቱ የሚተላለፍበትን ቅዳሜ ጠብቄ፣ አይቼና ሰምቼ፣ ለገና ስመለስ ልነግራቸው ነው። ከዩኒቨርሲቲው መመገቢያ አዳራሽ አጠገብ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ የተሰቀለ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበር፤ ቅዳሜ ማታ ተማሪው ለዘፈኑ ብሎ ይጋፋ ነበር፤ እኔ ግን ለምስጋናው ስል የፊት ወንበር ይዤ እቀመጣለሁ። በኅዳር አንድ ቅዳሜ አሸተን ተራራ ከመስታወቱ ብቅ አለ። አጠገቤ የተቀመጠው የሐረር ልጅ «አገርህ ነው እንዴ? ድንጋይ ብቻ ነው እኮ» አለኝ፤ በክርኔ ጎሸምኩት። በቅሎዎቹ በጠባቧ መንገድ ሲወጡ እያንዳንዳቸውን ለየኋቸው። እኔም ታየሁ፤ ፊቴ ግማሹ ተቆርጦ፣ ቀዩ ብርድ ልብስ ግራጫ ሆኖ፣ ምልክቱ ግን ቁልጭ ብሎ። አዘጋጁ በሆቴሉ ሰገነት ላይ ተቀምጦ ነጭ ማር በማንኪያ እየበላ «ሆቴሉ ለእንግዶቹ የሚያቀርበው ዝነኛው የላስታ ማር» ሲል ሰማሁ። ማሩ ከየት ጓዳ እንደወጣ የማውቀው ከዚያ አዳራሽ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ ምስጋናው መጣ። ሆቴሉን፣ የሆቴሉን አስተዳደር፣ የሆቴሉን ሥራ አስኪያጅ በስማቸው፤ ከዚያ ፋብሪካውን፣ የፋብሪካውን ሠራተኞች፣ የፋብሪካውን ምርት። ሆቴሉ ዞሮ እንደገና ተመሰገነ። በመጨረሻ፣ ሙዚቃው ከሥር ከጀመረ በኋላ፣ ሊሰማ በማይችል ፍጥነት ሳይሆን በጣም ግልጽ በሆነ ድምፅ፣ «በቅሎዎቻቸውን ላዋሱን ለአቶ ዳምጤም ምስጋናችን ይድረሳቸው» አለ።

ከየት እንዳመጣው ወዲያው ገባኝ። በቅሎ ነጂዎቹም፣ ከተማውም፣ እኔም ጭምር ከባለቤታቸው ሞት በኋላ እንኳ «የዳምጤ በቅሎዎች» ነበር የምንላቸው። አዘጋጁም መንገድ ላይ የሰማውን ስም ለቅሞ፣ የፈንታው እናት ከሚለው የገጠር አጠራር ይልቅ አቶ የሚል ማዕረግ ያለው ስም ለአየር የሚስማማ መስሎት ተካው። አልረሳም፤ ቢረሳ ይሻል ነበር። አሰብ ላይ በዚያች ሰዓት ፈንታው ከክበቡ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከነበረ፣ የሰማው ነገር አባቱ በሕይወት እንዳሉ፣ በቅሎዎቻቸው እንደጸኑ፣ መንግሥትም በአየር እንዳመሰገናቸው ነው። ተማሪው አጨበጨበ፤ ዘፈኑ ሊጀምር ነበርና። እኔ ወደ ውጭ ወጥቼ ከአዳራሹ ግድግዳ ሥር አስታወክሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ምናልባት ያርሙት ይሆናል ብዬ እንደገና ተቀመጥኩ። አረሙም። አዘጋጁ ከዘፈኑ በፊት ፊቱን አጥቁሮ፣ ባለፈው ዝግጅት ብርድ ልብሱ ከጥጥ የተሠራ እንደሆነ የተነገረው በስሕተት መሆኑን፣ ትክክለኛው ንጹሕ የሱፍ ምርት መሆኑን ገልጾ ፋብሪካውን ይቅርታ ጠየቀ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ሰኞ ዕለት ወደ ጣቢያው በር ሄድኩ፤ ለምሳ ሲወጣ ያዝኩት።

«የትኛው ዳምጤ?» አለኝ።

«በቅሎዎቹን ሰጡ ብለው ያመሰገኗቸው። ሞተዋል።»

«ነፍስ ይማር። መቼ?»

«እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት።»

ፈገግ አለ። «ታዲያ ሟች ቢመሰገን ማን ተጎዳ? የቤቱ ስም ተጠራ አይደል?»

የፈንታውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳሁት። ሰዓቱን እያየ ሰማኝ፤ ሰምቶኛል፣ ይህን አልክድም። ከዚያም «ጓድ ተማሪ፣ የአየር ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?» አለኝ።

«የብርድ ልብሱን አርማችኋል።»

«ብርድ ልብሱ ተባባሪ ነው።»

«በቅሎዎቹስ?»

«በቅሎዎቹ መስተንግዶ ናቸው» አለኝ፤ ልዩነቱ ሳይገባኝ በመቅረቱ እያዘነልኝ። ከደረት ኪሱም የፋብሪካው ስም የተጻፈበት እስክሪብቶ አውጥቶ ሰጠኝና ሄደ። እስክሪብቶውን ለበሩ ዘበኛ ልሰጠው ብል፣ ዘበኛው መሳቢያውን ከፍቶ ሙሉ እስክሪብቶ አሳየኝ።

ከዚያ ወዲህ በሕይወቴ ብዙ ክፉ ሰዎች አይቻለሁ፤ ያ ዘመን በክፉ ሰው ድኻ አልነበረም። ያ አዘጋጅ ግን ክፉ አልነበረም። አንደበቱ ለሰጠው ሰው ሁሉ የሚከራይ፣ ለተከራየው ብቻ የሚጠነቀቅ ሰው ነበር። ክፉውን ሰው ፈርቼዋለሁ፤ እሱን ግን ተጸየፍኩት፤ ጥላቻ ከዕድሜ ጋር ሲበርድ ይህ መጸየፍ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ለገና ስመለስ እትዬ የሻረግን በግቢያቸው በቅሎዋን እያሻሹ አገኘኋቸው። ቁስሉ ድኖ ነበር፤ በተገጠበበት ቦታ ግን በጥቁር ጀርባዋ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ነጭ ፀጉር አብቅላለች። ገና ሰላም ሳልላቸው አዩኝ።

«ጠሩኝ?»

«የአያ ዳምጤን ስም ነው የጠሩት፣ እትዬ። በቅሎዎቻቸውን ላዋሱን ለአቶ ዳምጤ ብለው።»

«ዳምጤን?»

«አዎ።»

«እሱንማ እግዜር ጠርቶት የለም እንዴ። እነዚህ ደግሞ ከየት ሊያመጡት ነው የሚጠሩት?»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ብዬ ስቸገር እሳቸው ቀድመው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አልዘለቀም፤ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ቆይተው፣ «አይቶ እንደሆነ፣ አባቱ ቆሞ በቅሎ ሲያውስ አየ ማለት ነው» አሉ። «እግሩን ሊያነሣ አስቦ ከነበረም መልሶ አስቀመጠው።»

የማሩንም ነገር ልደብቃቸው አልፈለግሁም፤ የብርድ ልብሱን ይቅርታ ጨምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። አዳመጡኝና፣ «ብርድ ልብሱ ልጅ ጠፍቶበታል እንዴ?» አሉ።

አባቴም ይህን ሁሉ ከእኔ ሰሙ። በጥምቀት፣ ታቦታቱ ወርደው ሕዝቡ በተሰበሰበበት፣ ስለት ያስገቡትን ሰዎች ጠርተው ሲጨርሱ መቋሚያቸውን ተክለው ቆሙ። ከዚያም በሙሉ ድምፃቸው «የፈንታው እናት በቅሎዎቿን ሰጥታለች» አሉ። ለማን እንደሰጠች አልተናገሩም። በዕድሜያቸው ሙሉ ለደብሩ ያልገባ ስለት ጠርተው አያውቁም ነበር፤ ካህናቱ እርስ በርስ ተያዩ። ከሴቶቹ አንዲቷ እልል ማለት ጀመረች፣ ሁሉም ተከተሏት፤ እልልታው ከቋጥኙ ላይ ተመልሶ ሲመጣ እትዬ የሻረግ መሬት ነክተው ተሳለሙ። አሰብ ግን ከዚያ በጣም ሩቅ ነው፤ የሰው ድምፅ የሚደርሰው እስከ ሸለቆው ማዶ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ መጣ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ጋሸና ላይ መልእክት የሚቀበል ሾፌር ጠፋ። እትዬ የሻረግ ልጃቸውን ሳያዩ ሞቱ፤ አባቴም ተከተሏቸው። በቅሎዋ ከሁለቱም በላይ ኖራለች፤ ያች ነጭ ፀጉር እስክትሞት ድረስ ጀርባዋ ላይ ነበረች፤ ለዚያ ሁሉ ምስጋና እኔ የማውቀው የቀረ ማስረጃ እሷ ብቻ ናት። ዛሬ በዐውደ ምሕረቱ ላይ የድምፅ ማጉያ ተተክሏል። ባለፈው ዓመት አንድ ነጋዴ ያስገባው ምንጣፍ ከሱቁ ስምና ከስልክ ቁጥሩ ጋር ሲነገር ሰምቼ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ፤ እልልታውም ከምንጣፉ ብዛት ጋር ከፍ ዝቅ ሲል አስተዋልኩ። የተወሰደብን ነገር ቴሌቪዥን ከመምጣቱ በፊት የነበረው ድህነት አይደለም፤ እሱስ ይሂድ። የተወሰደብን፣ አንድ ሰው ሌላውን በስሙ ሲጠራ ለመጥራቱ ተከፍሎት ይሆን ብለን ሳንጠይቅ የምናምንበት ጆሮ ነው።

ለሥርዓቱ ያህል ያልተፈታውን ልጻፍ። በፖስታ ይላካል የተባለው ብርድ ልብስ አልመጣም። ፈንታውም አልመጣም። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ አሰብ ወደብ ላይ ሠርቶ የተመለሰ፣ ከእኛው ላስታ፣ ከሙጃ የሆነ አንድ ሰው አግኝቼ ነበር። በዚያ ቅዳሜ ምሽት ክበቡ ውስጥ እንደነበረ፣ የአሸተን ተራራ ሲታይ ከኋላ ወንበር አንድ የላስታ ሰው ብድግ ብሎ መቆሙን፣ ከዚያም ምስጋናው እየተነበበ ሳለ ወጥቶ መሄዱን ነገረኝ። መልኩን ጠየቅሁት፤ ፈንታውን ይመስላል። የወጣው ግን የአቶ ዳምጤ ስም ከመጠራቱ በፊት ይሁን በኋላ፣ ሰውዬው አላስታወሰም።